ሐኪም ነው የምፈልገው

ያኔ ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል አስተምር ነበር። ያደግሁት ቆላ ድባ፣ ሜዳ አገር ስለሆነ የዚያ የወገራ ደጋ ብርድ መጀመሪያ ሰሞን አስለቅሶኛል። የተከራየሁት አንድ ቄስ ግቢ ውስጥ ነው። ቄሱ ዝምተኛ ናቸው፤ ባለቤታቸው ግን ለሁለቱም የሚበቃ ወሬ ያላቸው ሴት ናቸው። ልጆቻቸው አግብተው ስለወጡ ቤቱ ጭር ብሎባቸው ነው መሰለኝ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጅ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኝና "ዛሬስ ማን አስቸገረሽ?" ይሉኛል። እትዬ እላቸው ነበር፤ እዚህም እትዬ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ቅዳሜ ነው። ከአምባ ጊዮርጊስ ዘይትና የባትሪ ድንጋይ ገዝቼ ስመለስ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ የቄሱ የእህት ልጅ ከኋላዬ ደረሰብኝ። የማውቀው ሰው ነው። እህል ይነግዳል፤ ግቢያችን እየመጣ ምሳ ይበላል፤ እትዬ "የኔ ጌታ" እያሉ ነው የሚያቀርቡለት። ዕቃሽን ልያዝልሽ አለኝ፣ ሰጠሁት። መንገዱ ባሕር ዛፉ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ ስንደርስ ደፈረኝ። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ዝርዝሩን መስማት የነበረባቸው ሰዎች፣ ሐኪሟ፣ ፖሊሷና ዳኞቹ፣ ሰምተውታል። አንባቢ ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ቢያውቅልኝ ይበቃኛል።

ሲሄድ "ብትናገሪ የምታፍሪው አንቺ ነሽ" አለኝ። ዘይቱን እዚያው መንገድ ላይ ትቼ ተነሳሁ። ቤት እስክደርስ በአእምሮዬ ውስጥ የነበረው ውሃ ብቻ ነው። ገላዬን ማጠብ፣ ልብሱን ማቃጠል፣ ተኝቼ ለማንም አለመናገር። ከዚህ ሌላ ምንም አላሰብኩም።

እግሬ ግን እየሄደ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። የሴት ተማሪዎችን ክበብ የምንመራ መምህራን ባለፈው ዓመት ስልጠና ወስደን ነበር። አንዲት ነርስ ፊታችን ቆማ፣ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባት ሴት ሳትታጠብ፣ ልብሷን ሳትጥል፣ በተቻለ ፍጥነት ሐኪም ቤት ትድረስ፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት ሦስት ቀን ካለፈ አይጠቅምም፣ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል ብላ ነበር። ይህንኑ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ለልጆቹ አስተምሬያለሁ። ያስተማርኩት ለልጆቹ እንጂ ለራሴ አይመስለኝም ነበር።

እትዬ ደጅ ላይ ነበሩ። ሲያዩኝ ተነሱ።

"ምነው ልጄ? ወደቅሽ?"

"አልወደቅሁም።"

ነገርኳቸው። ማን እንደሆነም ነገርኳቸው። የቆሙበት መሬት ላይ ቁጭ አሉ፤ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ድንገት ተነስተው ትልቁን ድስት እሳት ላይ ጣዱ።

"ነይ ግቢ። አጥብሻለሁ። ልብስሽንም አምጪው።"

"አልታጠብም፣ እትዬ።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ሐኪም ሳያየኝ አልታጠብም። ልብሱም አይታጠብም።"

ድስቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ያበድኩ ሳይመስላቸው አልቀረም። ያቺ ነርስ ያለችውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ድምፄ ክፍል ውስጥ እንደማስተምርበት ድምፅ ሆነብኝ፤ ከዚያ ሌላ ድምፅ አልነበረኝም። ሰምተው ሲጨርሱ ድስቱን ከእሳቱ አወረዱ። የራሳቸውን ቀሚስ አመጡልኝና ፊታቸውን አዙረውልኝ ለበስኩ። የእኔን ልብስ በነጭ ነጠላቸው ጠቅልለው ቋጠሩት።

ቄሱ ሲገቡ የነገሯቸው እትዬ ናቸው። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተቀምጫለሁ። ቄሱ መስቀላቸውን ከደረታቸው አውጥተው በእጃቸው ያዙት። የእህታቸው ልጅ ነው፤ አባቱ ከሞተ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። በመጨረሻ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣

"ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች እንጠራለን" አሉ። "ነገሩ ሳይሰፋ በሽምግልና..."

ወደ እሳቸው ዞርኩ። "አባቴ፣ ሐኪም ነው የምፈልገው።"

"ሐኪሙም ይደርሳል፣ ልጄ። መጀመሪያ ግን..."

"ኧረ አባ!" አሉ እትዬ። ባላቸውን እንዲህ ሲያቋርጡ ሰምቼ አላውቅም። "እጇ ቢሰበር ሽማግሌ ነው ወጌሻ የምትጠሩ?"

ቄሱ መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው መለሱ። ቆይተው "ነገ ቅዳሴ አለብኝ፤ ስመለስ እንነጋገራለን" ብለው ተነሱ።

"ስትመለሱ አታገኙንም" አሉ እትዬ።

ያን ሰሞን በአገሩ ግጭት ስለነበር ከመሸ ወደ ከተማ መንቀሳቀስ አይቻልም ነበር። ልብሴ ያለበትን ቋጠሮ አጠገቤ አድርጌ፣ እትዬ እግሬ ሥር ተኝተው፣ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ሌሊቱ አለፈ። ጎህ ሲቀድ ቄሱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ እኛ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ወጣን። ትላንት የመጣሁበትን መንገድ ላለመርገጥ በእርሻው ዞርን። ጤዛው እስከ ጉልበታችን አራሰን። ብዙ ጊዜ ቆም ብዬ ትንፋሼን እሰበስብ ነበር፤ ሲያመኝ እትዬ ሳልነግራቸው ያውቁና "እዚህ ላይ እኔም ደክሞኛል" ይላሉ። ደክሟቸው አልነበረም።

ጤና ጣቢያው ያገኘናት ተረኛ አዋላጅ ነርስ በዕድሜ እኔን የምታክል ናት። እትዬ በጆሮዋ ሲነግሯት በሩን ዘጋች፣ ወንበር ሰጠችን፣ ከዚያ "መቼ ነው?" ብላ ጠየቀች። እርግዝና የሚከላከለውን እንክብል ወዲያው በውሃ ሰጠችኝና ከፊቷ እንድውጠው አደረገች። ቁስሌንም አየችልኝ። የኤች አይ ቪ መከላከያው ግን አልቆ ነበር፤ መንገዱ እየተዘጋ እየተከፈተ ስለሆነ የሚመጣው መድኃኒት አልደረሰም።

"ጎንደር ግን አለ" አለችኝ። "ዛሬውኑ ግቢ። ነገ እሄዳለሁ አትበዪ።"

"መኪና ባይኖርስ?" አሉ እትዬ።

"ፈልጉ፣ እናቴ። በምንም በምንም ብላችሁ ግቡ።"

መናኸሪያው ባዶ ነበር። ሚኒባሶቹ ቆመዋል፤ ሾፌሮቹ በየጥጋቱ ተቀምጠው "ዛሬ መንገድ የለም" ይላሉ። አስፋልቱ ዳር ድንች የጫነ አንድ አይሱዙ ሞተሩን አስነስቶ አየን። ሹፌሩ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው። እትዬ ቀድመውኝ ደረሱ።

"አያ፣ ልጄ ታማብኛለች፤ ጎንደር አድርሱን።"

"ዛሬ ሰው አልጭንም፣ እትዬ። ኬላው ላይ ሰው እያወረዱ ነው። ድንቹንም ካሳለፉልኝ ነው።"

"ታማብኛለች እኮ ነው የምልዎ።"

"ምን ሆና?"

እትዬ "የሴት ሕመም..." ብለው ጀመሩና አቆሙ። እኔ ሰው ይሰማኛል ብዬ ግራ ቀኝ አየሁ። ሁለት ሰዎች ቆመዋል። ይቁሙ አልኩ በሆዴ። ወደ መኪናው መስኮት ተጠጋሁ።

"ተደፍሬ ነው። የሚያስፈልገኝ መድኃኒት ጎንደር ነው ያለው፤ ከቆየ አይሠራም። ዛሬ መድረስ አለብኝ።"

ለማያውቁኝ ሰው ያንን ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። የሚያንቀኝ መስሎኝ ነበር፤ አላነቀኝም። ሹፌሩ ከወንበሩ ላይ የነበረውን ከረጢት አንስተው ከኋላቸው ወረወሩትና በሩን ከውስጥ ከፈቱልን።

ኮሶዬ ከፍታው ላይ ወጣን። እዚያ ነፋሱ በመስኮቱ ሲገባ ሹፌሩ "ይሄ መስታወት አይዘጋም" ብለው ጋቢያቸውን አውርደው ሰጡን። ከዚያ ወዲያ ኬላ ደረስን። ጠብመንጃ የያዘ ወጣት መጥቶ ሁላችሁም ውረዱ አለ። ሹፌሩ ወረዱ። እኛ ልንነሳ ስንል በእጃቸው ተቀመጡ አሉን።

"እነሱ አይወርዱም።"

"ለምን?"

"ሐኪም ቤት የሚሄዱ ናቸው። ከፈለግህ ድንቹን አንድ በአንድ ቁጠር፤ እነሱን ተዋቸው።"

ወጣቱ በመስኮቱ አየኝ። እኔም አየሁት። ፊቴ ላይ ምን እንዳየ አላውቅም፤ እለፉ አለ።

ወለቃን አልፈን ከተማ ስንገባ ቅዳሴ ወጥቶ ነጠላ ያጣፋ ሕዝብ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ሹፌሩ መንገዳቸው ባይሆንም ሆስፒታሉ በር ድረስ አደረሱን። ስንወርድ "እግዜር ይማርሽ" ብቻ አሉኝ። ስማቸውን ሳልጠይቅ ሄዱ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ካርድ የሚያወጣው ሰው ከመስኮቱ ጀርባ ሆኖ ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ "ምንሽን ነው?" አለኝ።

"ለሐኪም እነግራለሁ።"

"የት እንደምልክሽ ማወቅ አለብኝ።"

ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብዬ ነገርኩት። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ቢሆንም "የፖሊስ ወረቀት ይዘሻል? መጀመሪያ ፖሊስ ጋ..." አለ።

"ፖሊስ መርፌ ይወጋል እንዴ?" አሉ እትዬ ከጎኔ።

"ለመታከም የፖሊስ ወረቀት አያስፈልገኝም" አልኩ። "ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ፤ አሁን ግን ተረኛ ሐኪም ይጠራልኝ። እስኪመጣ ከዚህ መስኮት አልነሳም።"

እውነቴን ነበር። መስኮቱን በሁለት እጄ ይዤው ነበር። ከኋላችን ያለ አንድ ሰው ማጉረምረም ሲጀምር በዚያ የምታልፍ ነርስ ሰማችን። ምንም ሳትጠይቅ ክንዴን ይዛ "ነይ የኔ እህት፣ በዚህ በኩል ነው" አለችኝ። የወሰደችን ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ወደተለየ ትንሽ ክፍል ነው። ሐኪሙም፣ አማካሪዋም፣ ፖሊሷም እዚያው ድረስ ይመጣሉ፤ ሴትየዋ ከቢሮ ቢሮ አትንከራተትም። እንዲህ ያለ ክፍል መኖሩን አላውቅም ነበር።

ያየችኝ ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ከሁሉ በፊት መድኃኒቱን አመጣችና "ወሬው ይቆያል፤ መጀመሪያ ይሄን ዋጪ" አለችኝ። ዋጥኩ። ከቅዳሜ ወዲህ ደረቴ ላይ ተጭኖኝ የነበረው ነገር ያኔ ትንሽ ቀለል አለኝ። ከዚያ ወንበሯን ወደ እኔ አቅርባ ተቀመጠች።

"አሁን ልመረምርሽ ነው። እያንዳንዱን ነገር ከማድረጌ በፊት እነግርሻለሁ። አቁሚ ስትዪኝ አቆማለሁ። ለምን ብዬም አልጠይቅሽም።"

ሁለት ጊዜ አቁሚ አልኳት። ሁለቱንም ጊዜ እጇን አንስታ ጠበቀችኝ። አንዷን ጊዜ አሞኝ ነው፤ ሌላዋን ጊዜ ግን እውነት ታቆም እንደሆነ ላይ ብዬ ነው። እትዬ በራስጌዬ ቆመው እጄን ይዘዋል፤ ዓይናቸው ጣሪያው ላይ ነው፤ ከንፈራቸው ጸሎት ይደግማል።

ደም ተወሰደልኝ። ዛሬ የሚታየው ከበፊት የነበረ በሽታ እንዳለ ለማወቅ ነው፤ የአሁኑ የሚታወቀው ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰሽ ስትመጪ ነው አለችኝ ሐኪሟ። ሌሎች የአባላዘር በሽታዎችን የሚከላከል መርፌና እንክብልም ተሰጠኝ። ቋጠሮውን ስንፈታላት "ማን ነው በጨርቅ ያስቀመጠው?" አለች።

"እኔ ነኝ" አሉ እትዬ፣ የምትቆጣቸው መስሏቸው።

"በጣም ሸጋ አድርገዋል፣ እናቴ። በፌስታል ቢሆን ይሻግት ነበር።"

ልብሱን በወረቀት ከረጢት አድርገው አሸጉት። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነርሷ ፎጣ ሰጠችኝና የመታጠቢያውን ክፍል አሳየችኝ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። እትዬ ቀሚሳቸውን ወደ ላይ ሰብስበው ጀርባዬን አሹልኝ። እዚያ ነው ያለቀስኩት፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እስኪወጣልኝ። እትዬ አላባበሉኝም። ማሸታቸውንም አላቆሙም።

ፖሊሷ የመጣችው ሲቪል ለብሳ ነው። ቃሌን ሰጠሁ። እትዬንም ጠየቀቻቸው፤ ስትመጣ በምን ሁኔታ አይተዋታል፣ ምን አለችዎት፣ ልብሱን ማን ቋጠረው። በመጨረሻ ተጠርጣሪውን ያውቁታል ወይ ስትላቸው፣

"የባለቤቴ የእህት ልጅ ነው" አሉ። "በእጄ አጉርሼ ያሳደግሁት ነው።"

ፖሊሷ ብዕሯን አቆመች። "ፍርድ ቤት ቢጠሩ ይመሰክራሉ?"

"ያየሁትን እመሰክራለሁ። ያላየሁትን አልጨምርም።"

ያን ሰሞን አዘዞ፣ የእትዬ የአክስት ልጅ ቤት አረፍን። እናቴን ከቆላ ድባ በስልክ ጠራኋት፤ የምነግራት ስትደርስ ነው ብዬ ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። መጥታ ስነግራት መጀመሪያ ያለችኝ "ሰው ሰምቷል?" ነው። ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ ይህ ቃል ከእናቴ አፍ ሲወጣ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

"እማዬ፣ ሰው ይስማ" አልኳት። "የአይሱዙ ሹፌር ሰምቷል። ካርድ ክፍል የተሰለፈ ሁሉ ሰምቷል። እኔ የሰረቅሁት ነገር የለም።"

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ረጅም ጊዜ ተቀመጠች። ከዚያ ተነስታ ወጥ ቤት ገባችና ሽንኩርት መላጥ ጀመረች።  መድኃኒቱን ለአንድ ወር በየቀኑ መዋጥ ነበረብኝ፤ ያቅለሸልሻል፣ ራስ ያዞራል፣ የበሉትን ያስመልሳል። ከማግስቱ ጀምሮ ሰዓቱ ሲደርስ እንክብሉን በአንድ እጇ፣ ዳቦና ሻይ በሌላ እጇ ይዛ ፊቴ የምትቆመው እናቴ ሆነች። ይቅርብኝ ባልኩ ቀን "አይቀርም" ትለኛለች። ሌላ ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልፈለግሁም።

ከዚያ ቄሱ መጡ። ጥምጥማቸውን አስረው፣ በመቋሚያቸው ተደግፈው፣ ከደጅ ቆመው ግቡ እስኪሏቸው ጠበቁ። ገብተው ተቀመጡ።

"ሽማግሌዎች ልከውኛል" አሉ። "ልጁ ጥፋቱን አምኖ፣ በሥርዓት ያግባሽ፣ ክሱም ይነሳ ነው የሚሉት።"

እትዬ ሊነሱ ሲሉ በእጄ ያዝኳቸው። መመለስ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

"አባቴ፣ መልእክቱን ሰምቻለሁ። አላገባውም። ክሱንም አላነሳም። ሽማግሌዎቹ ዳግም እንዳይልኩብኝ ይንገሩልኝ።"

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። "የላኩኝን አድርሻለሁ፤ ያልሽውንም አደርሳለሁ" አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ "የእኔን ከጠየቅሽኝ ግን፣ መድኃኒትሽን ጨርሺ። እህቴ ቤቴ መጥታ ስታለቅስ ከርማለች፤ ልጅሽን ሂድና እጅህን ስጥ በዪው ብያታለሁ" አሉኝ። ከጋቢያቸው ሥር መጽሐፎቼንና የሥራ ልብሴን አውጥተው ሰጡኝ፤ ከክፍሌ ይዘውልኝ መጥተው ነው።

ልጁ እጁን አልሰጠም። ወደ ቆላው ወርዶ ጠፋ። እኔ ግን መድኃኒቱን ጨረስኩ። በሦስት ወሩ ተመልሼ ስመረመር ያቺው ሐኪም ነበረች፤ ውጤቱን ገና ሳልቀመጥ "ነፃ ነሽ" አለችኝ። እናቴ ደጅ ሆና ትጠብቀኝ ነበር። ከሩቅ ፊቴን አይታ እልል አለች፤ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ መሆኗን የረሳች ይመስላል። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት፤ እሷ ግን ግድ አልነበራትም።

ክሱ ረጅም ጊዜ ወሰደ። የአገሩ ሁኔታ እየከፋ ፍርድ ቤቱም የማይሠራባቸው ወራት ነበሩ፤ ሄጄ በር ተዘግቶ የተመለስኩበት ጊዜ ብዙ ነው። ሰውየው በመጨረሻ ከተሰወረበት ተይዞ መጣ። እትዬ ምስክር ሆነው ሲቆሙ የሰውየው እናት፣ የቄሱ እህት፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ትመለከታቸው ነበር። ያዩትን ተናገሩ፤ ያላዩትን አልጨመሩም። የሐኪሟ ማስረጃም ቀረበ። ጥፋተኛ ተብሎ ተፈረደበት፤ አሁን እስር ላይ ነው። የዚያን ዕለት ደስታ አልተሰማኝም፤ ድካም ነው የተሰማኝ። ቤት ገብቼ እስከ ማግስቱ ተኛሁ። እትዬን እህትየዋ እስከ ዛሬ አታናግራቸውም፤ በማኅበር ቀን ፊቷን ታዞርባቸዋለች። እሳቸው ስለዚህ ሲጠየቁ "እኔ ሰላም እላታለሁ፤ መመለሱ የሷ ፈንታ ነው" ይላሉ።

እኔ ወደ ጠዳ ተዛውሬ አስተምራለሁ። እዚህም የሴት ተማሪዎችን ክበብ የምመራው እኔ ነኝ። በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ ሰሌዳው ፊት ቆሜ እነግራቸዋለሁ፤ አትታጠቢ፣ ልብስሽን በጨርቅ ቋጥሪ፣ ዛሬውኑ ሂጂ፣ የፖሊስ ወረቀት አምጪ ቢሉሽ ሐኪም ጥሩልኝ በዪ፣ አንዱ ቢመልስሽ ሌላውን ጠይቂ። ዘንድሮ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ይሄን ሁሉ እንዴት አወቅሽው?"

 ጠመኔውን አስቀመጥኩና ወደ እነሱ ዞርኩ።

"ራሴ ሄጄ ነው" አልኳቸው።